ለቅሶ ቃል በቃል

ጡረታ የወጣሁ ዕለት ግጥም አነበቡልኝ። እውነቴን ነው! የመዝገብ ቤቱ ልጅ ወረቀት ይዞ ተነሳ፣ ጉሮሮውን ጠረገ፣ ከዚያ ጀመረ፦

ማርታችን የቋንቋ ድልድይ፣
ያላንቺ ማን ይስማ ጉዳይ!

ቤቱ በጭብጨባ ተናጋ። እኔ ጋቢ ተደርቦልኝ፣ ለስላሳ በእጄ ይዤ፣ ጥርሴን ነክሼ ፈገግ አልኩ። የሥራ ዘመኔን ሙሉ "እዚህ ችሎት ግጥም የለም፣ ወደ ፍሬ ነገሩ!" ሲሉኝ የኖሩ ሰዎች እኮ ናቸው በመጨረሻው ቀን ተሰብስበው ግጥም የሚያነቡልኝ። ድልድይ ያሉት ግን እውነት ነው፣ አልክድም። ከሳሹም ረግጦኝ አልፏል፣ ተከሳሹም ረግጦኝ አልፏል፣ ዳኛውማ ከነጭቃ ጫማው።

የፍርድ ቤት አስተርጓሚ ነበርኩ። አፌን የፈታሁት በቤንችኛ ነው፤ አማርኛን ያገኘሁት በትምህርት ቤትና በሚዛን ከተማ ገበያ፣ ሸኮኛን ደግሞ በባሌ ዘመዶች በኩል። ሥራ የጀመርኩት ቴፒ ነው። ከዚያ ማጂ ወሰዱኝ፤ ብርዱ ጥርስ ያንገጫግጫል፣ መንገዱ ክረምት ላይ ይቆረጣል፣ ባለጉዳይ ቀጠሮው ካለፈ በኋላ በጭቃ ተለውሶ ይደርሳል። በመጨረሻ ሚዛን ገባሁና እዚያው አረጀሁ። ስለ ደመወዙ አታንሱብኝ፤ ካነሳችሁት አላቆምም።

አለቆቼስ ብትሉ! አንዱ ዳኛ ምስክር አፉን በከፈተ ቁጥር "አሳጥሪው፣ አሳጥሪው" ይሉኛል። እሺ ብዬ አሳጥሬ ስናገር የሚቀጥሉት ዳኛ "ሰውየው ይህን ሁሉ ሲያወራ ቆይቶ ይችን ብቻ ነው ያለው? የቀረውን ዋጥሽው?" ይላሉ። ረዘም ሳደርገው ደግሞ "ከራስሽ ጨመርሽ" እባላለሁ። ታዲያ ምን ልሁን? ሰው ሁሉ ቋንቋ ማለት ከአንዱ ጆንያ ወደ ሌላው የሚገለበጥ በቆሎ ይመስለዋል። ቢሆንማ ጥሩ ነበር፣ እኔም ወገቤ በዳነ።

ሙያውን ያስተማሩኝ ቴፒ ላይ ከእኔ በፊት ሲያስተረጉሙ የኖሩት ጋሽ ወልዴ ናቸው፤ ነፍሳቸውን ይማር። አባታቸው ከሰሜን የመጡ ወታደር፣ እናታቸው የቤንች ሴት ነበሩ፤ ሁለቱንም ቋንቋ ከጡት ጋር ነው የጠጡት። ችሎት ከመግባታቸው በፊት ከኪሳቸው ቁራጭ ዝንጅብል አውጥተው ያኝካሉ፤ ለድምፅ ነው ይላሉ። ከዚያ ኮሪደር ላይ ከምስክሩ አጠገብ ይቆሙና "በናንተ በኩል ዝናቡ እንዴት ነው?" ይሉታል። እኔ መጀመሪያ ወሬ መውደድ መስሎኝ ነበር። ለካ ሰውየው የየት አካባቢ አነጋገር እንዳለው፣ ሲቸኩል ቃል የሚውጥ ይሁን የሚደጋግም፣ ዝናቡን ምክንያት አድርገው እያዳመጡ ነው። ስለ ጉዳዩ ግን አንዲት ቃል አያነሱም። ምስክሩ ሊጀምርላቸው ሲል እጃቸውን ያነሱና "እሱን ለዳኛው" ብለው ያቆሙታል።

ሁለተኛው ልማዳቸው "እኔ" ማለት ነው። ምስክር "አየሁ" ካለ እሳቸውም "አየሁ" ነው የሚሉት። "አየሁ ይላል" የለም። "'ይላል' ካልሽ ጥርጣሬ ጨመርሽበት፤ ማን ጠርጥሪ አለሽ?" ይሉኛል። አንድ ቀን አንድ ተከሳሽ በንዴት በዳኛው ላይ "አንተ ሆዳም፣ የከሳሼን ሙክት በልተህ ነው!" ብሎ በቤንችኛ አምባረቀ። ጋሽ ወልዴ ፊታቸው እንኳ ሳይለወጥ፣ ቀጥ ብለው ዳኛውን እያዩ፣ "አንተ ሆዳም፣ የከሳሼን ሙክት በልተህ ነው!" አሉ። ዳኛው ከወንበራቸው ተነሱ።

"ወልዴ! እኔን ነው?"

"እሱ ነው ክቡር ዳኛ። እኔማ አከብርዎታለሁ።"

እኔ ከኋላ ተቀምጬ ሳቄን ለማፈን ነጠላዬን አፌ ውስጥ ልጎስረው ምንም አልቀረኝ።

ከሁሉም የበለጠችው ግን "ይጠየቅ" የምትለው ቃላቸው ነበረች። አንድ ገበሬ የሰው ኮረሪማ ለቅመሃል ተብሎ ቀረበ። ዳኛው "ለቅመሃል ወይስ አልለቀምክም?" አሉት። ሰውየውም "ዝንጀሮን ከማን ጫካ በላህ ብሎ የሚጠይቀው አለ?" ብሎ መለሰ። ጋሽ ወልዴ ያለውን እንዳለ አቀረቡ። ዳኛው ለጸሐፊው "አምኗል፣ ጻፍ" ሊሉ ሲሉ "ክቡር ዳኛ፣ ምን ማለቱ እንደሆነ ይጠየቅ" አሉ። እሳቸው መልሱን ያውቁታል እኮ! ግን አስተርጓሚ አያብራራም፤ የሚያብራራው ባለቃሉ ነው። ተጠየቀ። ሰውየው የለቀምኩት ማንም ያልተከለውን፣ የጫካውን ነው፣ ጫካ ባለቤት የለውም ማለቱ ነበር። ቦታው ሲታይ እውነትም ጫካ ሆኖ ተገኘ፤ ሰውየው ወደ ቤቱ ሄደ። ይህን ሥራ የወደድኩት ያን ቀን ነው።

ጋሽ ወልዴ ሻይ ቤት ስንቀመጥ አባታቸው ያወሩላቸውን ያወሩልኛል። ድሮ ሙግት ማለት ግጥም ነበር ይላሉ። ተሟጋች ነጠላውን አጣፍቶ፣ ዘንጉን ይዞ ይቆምና "በላ ልበልሃ!" ብሎ ይነሳል። ነገሩን ቤት እያስመታ ካላስኬደው አዳማጩ ፊቱን ያዞርበታል።

አጥር ቢያጥሩበት ፍየል ይዘለዋል፣
ነገር ቢሰውሩት ምስክር ያወጣዋል።

እንዲህ ሲባል ነው ዳኛ ራሱን የሚነቀንቀው። "በሕግ አምላክ" የተባለ ሰውም በሩጫ ላይ ቢሆን ይቆም ነበር፤ ፖሊስ የለ፣ ካቴና የለ፣ ሁለት ቃል ብቻ። እኔ የምለው፣ ግጥምና ሕግ እኮ አንድ ቤት ያደጉ ልጆች ናቸው። የዛሬው ችሎትም ግጥሙን አልተወም፤ አያውቀውም እንጂ። "ይግባኙ ተሰርዟል፣ ውሳኔው ጸንቷል፣ መዝገቡ ተዘግቷል።" ይህ ቤት አይመታም? ዳኛው ሲያነበው ድምፁን ዝቅ ከፍ አያደርግም? የዳኛው ሲሆን ውሳኔ፣ የጠበቃው ሲሆን ክርክር፣ የገበሬዋ ሲሆን ግን "ወደ ፍሬ ነገሩ!" ኧረ ጉድ ነው።

የዘነበችን ጉዳይ ሳስበው እስከ ዛሬ ደሜ ይፈላል። ወረዳውን አልጠራም፤ ሰዎቹ በሕይወት አሉ፣ ነገ ገበያ ላይ እንገናኛለን።

ዘነበች ከሚዛን ወደ ቴፒ ከሚወስደው መንገድ ገባ ብሎ ባለ መንደር የምትኖር፣ ባሏ የሞተባት ገበሬ ናት። አባቷ ለእሷና ለወንድሟ ለበቀለ ጎን ለጎን ማሳ ትተውላቸዋል። በቀለ የራሱን ለልጁ ለታሪኩ ትቶ ወርቅ ፍለጋ ወደ ዲማ ሄደ። እሷ የደረሳትን መሬት መንጥራ፣ የዋንዛውን ጥላ ትታ፣ ከሥሩ ቡና ተከለች፤ ችግኙን በጀርባዋ ነው ያመላለሰችው። ከዓመታት በኋላ በቀለ ወርቁን ሳያገኝ በሽታውን ይዞ ተመለሰ። እሷው ቤት ተኝቶ፣ እሷው እያጠበችው፣ እሷው እጅ ላይ ሞተ።

የኛን መንደሮች ለቅሶ ለማያውቅ ልንገር። ሟች ደጅ ወጥቶ ሰዉ ከከበበ በኋላ የቅርብ ሴት መሃል ትገባና ሙሾ ታወርዳለች። ሙሾ የምታወርድ ሴት ደግሞ አትሰስትም። ቤቴን ውሰድ፣ ላሜን ውሰድ፣ እኔ ምን ነበረኝ፣ ሁሉም ያንተ ነበር ትላለች። ራሷን ባዶ ታደርጋለች። የኔ የምትለውን ያስቀረች እንደሆነ "ሙት ላይ ቆጠበች" ተብላ ዕድሜ ልኳን ትታማለች። በማግስቱ ግን ላሟን ታልባለች፣ ቤቷ ታድራለች፤ "ትናንት ሰጥተሽ አልነበር?" የሚላት ሰው የለም። ቢኖር እንደ እብድ ነው የሚታየው። የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌዎች ይህን ነገር አይወዱትም፣ መዝሙር ዘምሩ ይላሉ፣ እኛም እንዘምራለን፤ ከመዝሙሩ በኋላ ግን ያው ሙሾው ይወርዳል። እኔም ራሴ ለእናቴ አውርጃለሁ።

ዘነበችም ወንድሟ ፊት ቆማ አለቀሰች። ቤንችኛውን በአማርኛ ላድርሰው ብል እንዲህ ይመጣልኛል፦

ወንድም ጋሼ ተነስ፣ ቡናህ ቀልቶ ደርሷል፣
ባለቤቱ ተኝቶ ማን ይለቅመዋል?
እኔማ እንግዳ ነኝ፣ ባንተ ጥላ ያደርሁ፣
ያንተን በላሁ እንጂ የራሴን ምን አወቅሁ።
አብሬው ሄጃለሁ፣ ቆሜ ብታዩኝ፣
ጉድጓዱ ይበቃል፣ አብራችሁ ቅበሩኝ።

ታሪኩ በስልኩ ቀረጸው። በዚያን ቀን ክፋት አልነበረበትም፤ አባቱን እያለቀሰ፣ ሩቅ ላሉት ዘመዶች ልላክ ብሎ ነው። በኋላ ቡና ሲወደድ ጆሮው ላይ የሚያንሾካሹክ አላጣም። ሁለቱም ማሳ የአባቴ ነው፣ አክስቴ በአባቴ ፈቃድ የተጠጋች ናት ብሎ ከሰሰ። ማስረጃው ያው ስልኩ። ያ ማሳ ከሄደ ዘነበች የሰው ቡና ለቃሚ መሆኗ ነው፤ ሌላ ምንም የላትም።

ለዚያ ችሎት አስተርጓሚ ሆኜ ከሚዛን የተላክሁት እኔ ነኝ። ዳኛው ወጣት፣ ካራቫቱ የተስተካከለ፣ ክፉ ሰው ያልሆነ፣ ግን መቸኮል ልማዱ የሆነ ነው። የመንደሩ ጎረቤቶች ቡናውን የተከለችው ዘነበች ናት ብለው መሰከሩ። ከዚያ ስልኩ ተከፈተ። የዘነበች ድምፅ ችሎቱን ሞላው።

"ቃል በቃል ይተርጉሙ" አለኝ ዳኛው።

ተረጎምኩ። "ወንድሜ ተነስ፣ ቡናህ ቀልቷል። ባለቤቱ ተኝቶ ማን ይለቅመዋል? እኔ ባንተ ጥላ ያደርኩ እንግዳ ነኝ። የበላሁት ያንተን ነው፣ የራሴ የለኝም።" አንዲት ቃል አልጨመርኩም፣ አንዲት ቃል አልቀነስኩም። ሁሉም ልክ ነው፤ ሁሉም ልክ ሆኖ ውሸት ወጣው! ዜማው የለ፣ ሬሳው የለ፣ የከበበው ሰው የለ፣ ቃሉ ብቻ እርቃኑን ጠረጴዛው ላይ ተዘረጋ።

ዘነበች ተጠየቀች። "ይህ ድምፅ ያንቺ ነው?"

"ነው።"

"ይህን ብለሻል?"

"ብያለሁ። ለቅሶ ነው እኮ።"

ዳኛው ወደ ጸሐፊው ዞረ። "'ማሳው የሟች እንደነበረ፣ እሷም ተጠግታ የምትኖር መሆኗን ገልጻለች' ብለህ ጻፍ።"

ገልጻለች! አያችሁ ይህን ቃል? የኛ ችሎት ያለው ቃል ሦስት ነው፦ ገለጸ፣ አስረዳ፣ አመነ። አለቀሰ የሚባል የለም። እዬዬ ብላ ደረቷን የደቃችው ሴት መዝገብ ውስጥ ስትገባ ወንበር ላይ ተቀምጣ መግለጫ የሰጠች ባለሥልጣን ሆነች።

"ክቡር ፍርድ ቤት፣ ምን ማለቷ እንደሆነ ትጠየቅ" አልኩ።

"አስተርጓሚ፣ የታዘዙትን ብቻ።"

"'ለቅሶ ነው እኮ' ብላለች። እሷም ይጻፍ።"

"እሱ ፍሬ ነገር አይደለም።"

የታሪኩ ጠበቃ ተነሳ። እሱ ደግሞ ምን ቢል ጥሩ ነው? "ክቡር ፍርድ ቤት፣ ተከሳሿ በሕዝብ ፊት፣ በራሷ አንደበት ተናግራለች። አበው የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም እንዲሉ!" ብሎ ተቀመጠ። የሱ ተረት ተጻፈ! ጸሐፊው ጎንበስ ብሎ እየጻፈ አየሁት። የሷ ለቅሶ ፍሬ ነገር አይደለም፣ የሱ ተረት ግን ክርክር ሆነ።

በዚህ ጊዜ ትዕግሥቴ አለቀ። "ክቡር ዳኛ" አልኩ፣ "እዚያው ቪዲዮ ላይ 'አብሬው ሄጃለሁ፣ አብራችሁ ቅበሩኝ' ብላለች። ቃል በቃል ከሆነ ይህች ሴት ከሞተች ቆይታለች። ታዲያ የተከሰሰችው ማን ናት?"

ችሎቱ በሳቅ ፈነዳ። ፖሊሱ ሳይቀር ሳቀ። ዳኛው ፊቱ ቲማቲም መሰለ። ችሎት መድፈር ነው አለና አስወጣኝ፤ በሌላ አስተርጓሚ ቀጠሉ። ሲያስወጡኝ ዘነበች በዓይኗ ትከተለኛለች፤ ያን ዓይን አልረሳውም። ቀልዴ እሷን አልጠቀማትም፤ ሰዉ ሳቀ፣ ዳኛው ተናደደ፣ እሷ ብቻዋን ቀረች። ውሳኔው በሚቀጥለው ቀጠሮ ተነበበ። ከጎረቤት ምስክርነት ይልቅ የባለጉዳይዋ የራሷ ቃል ስለሚበልጥ፣ ማሳውን ለከሳሽ እንድታስረክብ ተወስኗል።

እኔም ልሰማ ሄጄ ነበር፤ ዘነበች ስትወጣ በሩ ላይ ያዘችኝ። "ማርታ እህቴ፣ ምን አጠፋሁ? ለወንድሜ መሰሰት ነበረብኝ?" አለችኝ። ቤንችኛም አማርኛም ሸኮኛም እያለኝ የምላት ጠፋኝ!

ጋሽ ወልዴ ያኔ አርጅተው አማን ከተማ፣ ልጃቸው ቤት ነበሩ። ሄጄ ነገርኳቸው። ዳኛውን ስራገም አቆሙኝ።

"ልጁ ግጥም የሚሰማበት አገር አላደገም፤ ምን ያድርግ? የኛ አባቶች ጊዜ ተሟጋቹም ዳኛውም አንድ ወግ ያውቃሉ። የቱ ቃል ለመያዝ፣ የቱ ቃል ለመልቀቅ እንደሚባል አይጠፋቸውም። ሕግ ለመያዝ ነው የሚናገረው። ለቅሶ ለመልቀቅ ነው።"

"ታዲያ ዝም እንበል?"

"ማን ዝም በሉ አለ? ይግባኝ ትበል። ስለ ማሳው ምስክር አትቁጠር፤ ስለ ለቅሶው ትቁጠር። የመንደሩን ሴቶች አምጧቸው። በለቅሶ ላይ ምን ምን እንደሰጡና ዛሬ ማን እጅ እንዳለ ይናገሩ።"

ይህን ስሰማ ብድግ ብዬ ግንባራቸውን ሳምኩ። ለዘነበች ነገርኳት። እሷም ገጠር ላሉት ሴቶች ነገረች።

ሴቶቹ በይግባኙ ቀጠሮ ቀን ሚዛን መጡ። መሪያቸው እማማ ጸሐይ ነበሩ፤ የዘነበች ጎረቤት፣ የመንደሩን ሙት ሁሉ ያለቀሱ፣ እሳቸው ካላወረዱ ሟች የሞተ የማይመስለው ሰው ናቸው። ኮሪደሩ ላይ አግዳሚ ሞልተው ተቀመጡ፤ ንጹሕ ልብስ ለብሰዋል፣ ፀጉራቸውን ተቀብተዋል። እማማ ጸሐይ መዳፋቸውን እያጨበጨቡ ይለማመዳሉ፦ "እኔ ይህን ቤቴን ለባሌ ሰጥቻለሁ፣ ለወንድሜ ሰጥቻለሁ፣ ለጎረቤቴም ሰጥቻለሁ። ዛሬም እዚያው ነው የማድረው። ዳኛው ከፈለገ መጥቶ ይይ!" ሴቶቹ ይስቃሉ። እኔም ተስፋዬ ሞላ። አንድ ፍርድ ቤት አንዴ ብቻ፣ ለቅሶ ለቅሶ ነው ብሎ ይጽፋል፤ ከዚያ በኋላ ማንም ስልክ ይዞ አይመጣም ብዬ አሰብኩ።

አልተጠሩም! አንዷም አልተጠራችም። ከሰዓት በኋላ በሩ ተከፍቶ "ተጨማሪ ምስክር መስማት አስፈላጊ ሆኖ አልተገኘም" ተባለ። ውሳኔውም መጣ፦ የተቀረጸው ድምፅና ምስል በአግባቡ ተጣርቶ ስላልቀረበ ውድቅ ተደርጓል፣ ማሳውን ያለማችው ይግባኝ ባይ መሆኗን ጎረቤቶች ስላረጋገጡ የሥር ፍርድ ቤት ውሳኔ ተሽሯል። አልተጣራም! ዘነበች ራሷ "ድምፄ ነው፣ ብያለሁ" ብላ እያለ! ዋናውን ጥያቄ እንደ ጋለ ብረት በጨርቅ ይዘው ወደ ጎን አስቀመጡት።

እርግጥ ማሳው ተመለሰላት። እልል ተባለ፣ እኔም እልል አልኩ፤ ውሸት አልናገርም፣ ደስ ብሎኛል። ግን ሴቶቹ ወደ መንደራቸው ሲመለሱ ምን ይዘው ተመለሱ? "ስልኩ ስላልተጣራ ነው የዳነችው" የሚለውን ነው። የተጣራ ጊዜስ? ይህን ጥያቄ እማማ ጸሐይ ራሳቸው የመኪናው መስኮት ላይ ሆነው ጠየቁኝ። "አይ፣ አያስቡ" አልኳቸው። እንደማያምኑኝ ገባኝ።

ከዚያ በኋላ በዚያ መንደር ለቅሶ ስሄድ ነገሩ ተለወጠብኝ። ሴት መሃል ገብታ "ወንድሜ፣ ወንድሜ" ትላለች፣ ከስሙ አታልፍም። አንዷ "ላሜን ውሰድ" አለችና ባሏ ከኋላ ነጠላዋን ሲጎትታት አየሁ። የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎች ስንት ዓመት መክረው ያላስቆሙትን አንድ ጠበቃ በአንድ ቀን አስቆመው። ሽማግሌዎቹ እንኳ ደስ አላላቸውም።

ጡረታ በወጣሁ በዓመቱ፣ ዝናብ ሊገባ ሲል፣ እማማ ጸሐይ አረፉ። ልጅ የላቸውም፤ የሚያለቅስላቸው ቢኖር ዘነበች ናት። ስደርስ አስከሬኑ ደጅ ወጥቶ ሰዉ ከቦታል። መዝሙሩ አለቀ። ዘነበች መሃል ገባች፣ ሁለት ክንዷን ዘረጋች።

"እማማ፣ ቤቴን..."

አለችና ቆመች። ዓይኗ ሰዉን ዞረ። ታሪኩ ከወንዶቹ መሃል ቆሟል፤ ከችሎቱ ወዲህ ተነጋግረው አያውቁም። ከዚያ እኔን አየችኝ።

"ማርታ እህቴ፣ 'ቤቴን ውሰጂው' ብል ያስከስሰኛል?"

ይህን ያለችው ሬሳ ፊት ቆማ ነው! እንባዬ መጣ፣ ንዴቴም አብሮ መጣ። "አያስከስስም! አልቅሺ በቃ!" ብዬ ጮህኩ።

"ተጽፏል?"

ምን ልበላት? ዕድሜዬን ሙሉ ከሰው የሰማሁትን እንዳለ ሳደርስ ኖሬአለሁ፤ ያልተባለውን ከየት አመጣለሁ?

"አልተጻፈም" አልኳት።

ታሪኩ ሰዉን እየገፋ ወጣ። እማማ ጸሐይ በልጅነቱ አዝለውታል። ስልኩን ከኪሱ አውጥቶ እጇ ላይ አስቀመጠው። "አክስቴ፣ ያዥው። ስለ እግዚአብሔር ብለሽ አልቅሽላቸው" አለ።

ስልኩን ያዘችው። አፏን ከፈተች። ትከሻዋ ተነሳ፣ ወረደ፣ ምንም አልወጣም። ሌሎቹ ሴቶች መሬት መሬቱን ያያሉ። በመጨረሻ ክንዷን ሰበሰበች፣ እግሮቿን ገጠመች፣ ችሎት ፊት እንደ ቀረበ ምስክር ቀጥ ብላ ቆመች።

"እማማ ጸሐይ ጥሩ ጎረቤት ነበሩ" አለች። "ሌላ የምለው የለኝም።"

ወንዶቹ ትንሽ ጠበቋት። ከዚያ አስከሬኑን አንስተው ሄዱ።